ዓለቱ የት ጋ ያልቃል? አዳማ ላይ የአንድ መጋዘን መሠረት ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው በሁለት ጉድጓድ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ በምሥራቅ በኩል አንድ አባት የእህል መጋዘን ሊያሠሩ መሬት አስጠርገው፣ ኮንትራክተሩም ለፉቲንግ፣ ማለትም ለኮለኖቹ መቆሚያ መሠረት፣ ማስቆፈር ጀምሮ ነበር። በምዕራቡ ጥግ ኤክስካቫተሩ 1 ሜትር ሳይወርድ ዓለት ነካ። በምሥራቁ ጥግ ግን 3 ሜትር ተቆፍሮም የሚወጣው የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ብቻ ሆነ፣ በእጅ ሲጨብጡት የሚፈርስ። የሕንፃው ርዝመት 60 ሜትር ነው። እንግዲህ ጠንካራው መሬት ወደ ልሉ የሚቀየርበት ቦታ ከመጋዘኑ ወለል ሥር የሆነ ጋ አለ ማለት ነው።

የሳይት ኢንጂነሩ ወዳጄ ነው። ደውሎ «ና እስቲ ይህን ነገር እየው፣ ጋሼ ሲሚንቶ አስጭነዋል፣ እኔ ግን ፌሮ ማሰር ፈርቻለሁ» አለኝ።

ፍርሃቱ ልክ ነበር። ዓለት ላይ የቆመ ኮለንና አመድ ላይ የቆመ ኮለን እኩል አይሰምጡም። አንዱ ባለበት ይቀራል፣ ሌላው በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል፣ በመካከል ያለው ግድግዳ ይሰነጠቃል። ግን ጥያቄው የት ጋ እንደሚቀየር ብቻ አልነበረም። እንዴት እንደሚቀየርም ማወቅ ነበረብን። አዳማ ያለችው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ የወንጂ ፎልት (የመሬት ስብራት) ቀበቶ በሚያልፍበት ነው። ከተማዋን ከብበው የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ቀጥ ያሉ ገደሎች መሬቱ ተቆርጦ አንዱ ወገን ወደ ታች በመውረዱ የተፈጠሩ ናቸው። የእኛም ወሰን እንዲህ ያለ ፎልት ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል፣ በመስመርም ይሄዳል። በአመድ የተሞላ የድሮ ጎርፍ መውረጃ ከሆነ ግን ዓለቱ ቀስ እያለ ነው የሚያዘቀዝቀው። የመሠረቱ ንድፍ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን በኩል የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ስለተሰማ፣ ጋሼ «ፎልት» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጥ ነበር።

የሄድነው በበጋ ነው፣ መሬቱ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለክተን ከሥሩ ያለውን ለማየት። 48 ኤሌክትሮዶችን፣ ማለትም የብረት ዘንጎችን፣ በየ2 ሜትሩ እየተከልን 94 ሜትር መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዘረጋን። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የቦታ ሜትሮች ከዚህ መስመር ምዕራባዊ ጫፍ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከሕንፃው ጥግ አይደለም። ፎልቶቹ በአካባቢው ከሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ አቅጣጫ ስላላቸው፣ መስመራችን እነሱን ማቋረጥ ነበረበት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሁለት ዘንግ ጅረት ትልካላችሁ፣ በሌሎች ሁለት ዘንጎች ቮልቴጅ ታነባላችሁ፣ ርቀቱን እየቀያየራችሁ ትደጋግማላችሁ። ዘንጎቹ በተራራቁ ቁጥር ንባቡ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። በዚህ ርዝመት ከ15 እስከ 18 ሜትር ድረስ በደህና እናያለን፣ ለመጋዘን መሠረት ደግሞ ይበቃል።

ያስቸገረን የላይኛው አፈር ነው። ደርቋል፣ ልል ነው፣ ዘንጉ በመዶሻ ሲገባ ዙሪያው አየር ይሆናል። ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በጄሪካን እያመላለስን በየዘንጉ ሥር አፈሰስን። አብዛኞቹ ተስተካከሉ። 66 ሜትር ላይ ያለው አንዱ ግን እምቢ አለ፤ ቀደም ሲል የተደፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) መሃል ነበር የተተከለው፣ ውኃውን እንዳፈሰስንለት ወዲያው ወደ ታች ያሳልፈዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርን፣ ፀሐዩ እየገፋ ነበር፣ እኔም «ይሁን፣ እንቀጥል» አልኩ። ይህቺን ቃል አስታውሷት።

ማታ አዳማ ውስጥ ሆነን ዳታውን ወደ ላፕቶፕ አስገባን። እዚህ ላይ ኢንቨርዥን የሚባለውን፣ ከንባቡ ተነሥቶ ከመሬት በታች ያለውን ሞዴል የማስላት ነገር፣ በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው።

ያለን ንባብ 700 ገደማ ነው። ከመሬቱ በታች ያለውን ቁራጭ ደግሞ በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍለነዋል፣ ሳጥኖቹም ከንባቦቹ በብዙ ይበልጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ዳታ ጋር እኩል የሚስማሙ ሞዴሎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ፕሮግራሙ አንዱን መምረጥ አለበት። የሚመርጠውም ሁለት ነገር በአንድ ላይ እያመዛዘነ ነው፤ ከንባቡ ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ይሁን፣ ሞዴሉም «ቀላል» ይሁን። ዋናው ነገር «ቀላል» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ነው። በተለምዶ የጎረቤት ሳጥኖችን ልዩነት በራሱ አባዝቶ መደመርና ድምሩን ማሳነስ ነው። ይህ ምርጫ ለስላሳ ሥዕል ይሰጣል።

ለምን ለስላሳ? በቁጥር እንየው። ጅረት የመከልከል አቅማቸው አመዱ 20 ኦም-ሜትር፣ ዓለቱ 400 ኦም-ሜትር ቢሆን፣ በሎጋሪዝም ልዩነታቸው 3 ገደማ ነው። ይህን 3 በአንድ ዝላይ ብናልፈው ቅጣቱ 3 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 9 ነው። በ6 ደረጃ ከፋፍለን እያንዳንዱን ግማሽ ብናደርገው ግን እያንዳንዱ 0.25፣ ድምሩም 1.5 ብቻ ይሆናል። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ርካሹን ስለሚወስድ ገደሉን ወደ ደረጃ ይለውጠዋል። የእኛም የመጀመሪያ ሥዕል ልክ እንደዚያ ሆነ። ቀለሙ ከ42 ሜትር ጀምሮ እስከ 58 ሜትር ድረስ ቀስ እያለ ይቀየራል። ኢንጂነሩ ስክሪኑን አይቶ «ታዲያ የትኛው ነው? 16 ሜትር ውስጥ ሦስት ረድፍ ኮለን አለኝ» አለ። በዚህ ሥዕል ፎልትም ይሁን ጎርፍ መውረጃ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

በየዙሩ ክብደት እየቀየሩ ማስላት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ላስት እና ኩቢክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 የግራቪቲ (የመሬት ስበት) ዳታን ይዘው፣ የተበታተነውን አካል በዚህ መንገድ ሰብሰብ አድርገው አሳይተዋል፣ ለኤሌክትሪክ ልኬትም እነ ሎክ እ.ኤ.አ. በ2003 ለስላሳውንና በብሎክ የተከፈለውን አሠራር ጎን ለጎን አነጻጽረዋል። አካሄዱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ለስላሳውን ሞዴል ታገኛላችሁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሁለት ጎረቤት ሳጥን መካከል ያለውን ልዩነት ታያላችሁ። ልዩነቱ ትልቅ የሆነበት ቦታ «እዚህ ወሰን ሳይኖር አይቀርም» ብላችሁ ቅጣቱን ታቀልሉለታላችሁ፣ ልዩነቱ ትንሽ የሆነበትን ደግሞ ቅጣቱን ታከብዱበታላችሁ። እንደገና ታሰላላችሁ። እንደገና ክብደት ትቀይራላችሁ። ከጥቂት ዙር በኋላ ትንንሾቹ መንሸራተቶች ይጠፋሉ፣ ትልልቆቹ ይሰበሰባሉ።

ክብደቱ የሚሰላው ከልዩነቱ ካሬ ላይ ኤፕሲሎን የምትባል ትንሽ ቁጥርን ካሬ ደምሮ፣ 1ን ለዚያ በማካፈል ነው። ኤፕሲሎን 0.1 ብትሆን ልዩነቱ 3 የሆነበት ወሰን ክብደቱ 0.11 ይሆናል። ልዩነቱ 0.02 የሆነበት ቦታ ግን ክብደቱ 96 ነው። አሁን ሂሳቡን መልሳችሁ ሥሩት፤ አንዱ ገደል 1 ገደማ ያስከፍላል፣ ስድስቱ ደረጃዎች ደግሞ ወደ 6 ይጠጋሉ። ርካሹ ገደሉ ሆነ። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው የዝላዩን መጠን ትቶ ስንት ጊዜ እንደተዘለለ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ፒ የሚባለው፣ የዝላዩ መጠን በቅጣቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆጠር የሚወስነው ቁጥር፣ ዜሮ ሲሆን ነው። ፒ 2 ከሆነ የድሮው ለስላሳ ነው፣ 1 ከሆነ መሃል ላይ ያለ ነው፤ አንድ ገደልም ስድስት ደረጃም እኩል 3 ያስከፍላሉ።

የሠራነው በሲምፔግ ነው፣ በፓይተን የተጻፈ ነጻ ፕሮግራም ስለሆነ ማንም አውርዶ ሊሞክረው ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ተበላሸ። በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ስህተት ሌሎችም ሲሠሩት አይቻለሁ። ቸኩዬ ነበር። ለስላሳው ሞዴል ከዳታው ጋር እስኪስማማ ሳልጠብቅ ከመጀመሪያው ዙር ክብደት መቀየር ጀመርኩ፣ ኤፕሲሎንንም ከመነሻው በጣም አሳንሼ ሰጠሁት። የወጣው ሥዕል በጣም ያምር ነበር። ወሰኑ እንደ ቢላ ጠርቷል፣ 55 ሜትር ላይ። ከዚያ አልፎ ደግሞ 66 ሜትር ላይ፣ 5 ሜትር ጥልቀት አካባቢ፣ ከበባው ሁሉ ቁርጥ ያለ፣ ጅረት የማያሳልፍ ክብ ነገር ታየ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ዋሻ ነው!» አለ። እኔም ልቤ ዘለለ። አመድ ውስጥ፣ መጋዘኑ ወለል ሥር ባዶ ዋሻ ካለ ጋሼ ሥራውን ማቆም አለባቸው።

ደውዬላቸው ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት አይተኙም ነበር። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ያስቆመኝ ቁጥሩ ነው፤ 66። ጠዋት እምቢ ያለን ዘንግ የተተከለበት ቦታ።

ዳታውን ከፍቼ በዚያ ዘንግ ያለፉትን ንባቦች ለይቼ አየኋቸው። በዚህ ልኬት ጅረት የሚልኩትንና ቮልቴጅ የሚያነቡትን ጥንዶች ብታለዋውጡ ንባቡ አንድ መሆን አለበት፣ የፊዚክስ ሕግ ነው። ከፊሉን እያለዋወጥን ደግመን ለክተን ስለነበር ማወዳደር ቻልኩ። በሌሎቹ ዘንጎች ልዩነቱ ከ3 በመቶ አይበልጥም። 66 ላይ ያለው ግን 20ም 30ም በመቶ ይደርሳል። ዋሻው እንዲህ ነበር የተፈጠረው፤ የተበላሸው ንባብ ትንሽ እብጠት ፈጠረ፣ ክብደት የመቀየሩ ሥራ ደግሞ እብጠቱን «ወሰን አለው» ብሎ ተቀበለው፣ በየዙሩ እየቀረጸ ዋሻ አደረገው። ለስላሳው ሥዕል ላይ ያው ስህተት ደብዘዝ ያለ ጥላ ብቻ ነበር፣ ማንም ቁም ነገር አይለውም። የማጥራት አደጋው ይህ ነው። እውነተኛውን ወሰን በሚያጠራበት እጅ ስህተቱንም ያጠራል፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ያሳያችኋል።

ስለዚህ ከእንደገና ጀመርኩ፣ በዝግታ።

መጀመሪያ ዳታው። እዚህም ክብደት መቀየር ይሠራል፣ ግን በሌላ ጎን። በየዙሩ ሞዴሉ የሚተነብየውንና የተነበበውን ታወዳድራላችሁ፣ ከሚጠበቀው ስህተት በጣም የራቀውን ንባብ ክብደቱን ትቀንሳላችሁ። ንባቡ አይሰረዝም፣ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ። ግን ይህን በጭፍን አላደረግኩትም፣ ምክንያቱም እውነተኛ ጠባብ ነገር መሬት ውስጥ ካለ የመጀመሪያዎቹ «የሚያፈነግጡ» ንባቦች የእሱ ሊሆኑ ይችላሉ። የማለዋወጡ ልኬት ስለነበረኝ ብቻ ነው በልበ ሙሉነት የ66ቱን ዝቅ ያደረግኩት። ዋሻው ጠፋ። ጥላውም ጭምር። ባይጠፋ ኖሮ እዚያ ጋ ማስቆፈሬ አይቀርም ነበር።

ቀጥሎ ለስላሳው ሞዴል። የስህተት መጠናችንን 3 በመቶ አልኩ፣ ልዩነቱ በአማካይ ወደዚያ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ክብደት መቀየር ጀመርኩ። ኤፕሲሎንን ከትልቅ ጀምሬ በየዙሩ ቀስ እያልኩ አወረድኩት። በየዙሩ ደግሞ የሁለቱን ወገን ሚዛን እየነካካሁ ከዳታው ጋር ያለው ልዩነት እዚያው እንዲቆይ አደረግኩ። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች፣ ግን ያለሷ ንጽጽር የለም። የጠራው ሞዴል ዳታውን የባሰ የሚያብራራ ከሆነ ጥራቱ የተገዛው በውሸት ነው። ለስላሳውና የጠራው እኩል ከተስማሙ ግን፣ በሁለቱ መካከል ዳታው ራሱ መምረጥ አይችልም ማለት ነው፣ የሚመርጠው ስለ መሬቱ ያላችሁ ሌላ እውቀት ነው።

ፒ 1 ላይ መሸጋገሪያው ከ48 እስከ 52 ሜትር ጠበበ። ፒ 0 ላይ 50 ሜትር ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፣ ከላይ እስከ ታች። በችኮላ ያገኘሁት ወሰን 55 ላይ እንደነበር ልብ በሉ። 5 ሜትር ማለት በዚህ ሕንፃ አንድ ሙሉ የኮለን ረድፍ ነው።

ጠዋት ሳይት ላይ ሦስቱንም ሥዕል አትሜ ወሰድኩ። ኢንጂነሩ የፒ 0ውን አንስቶ «ይሄ ነው፣ አለቀ» አለ። ጋሼም ያን ወደዱት፣ ዐይን ይገባል። እኔ ግን ሦስቱን ጎን ለጎን ሲሚንቶው ክምር ላይ ዘርግቼ «ጋሼ፣ መሳሪያው የለካው እነዚህ ሦስቱም ትክክል ናቸው እያለ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ታዲያ ልጄ፣ አንተ የትኛውን ነው የምታምነው?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሁለቱ ጥጎች ላይ ያየነው ዓለትና አመድ በጣም የተለያዩ ስለሆኑና በአካባቢው ፎልት ስለሚበዛ ወደ ጠራው አደላለሁ፣ ግን 10 ሜትር ቦይ ሳይቆፈር ኮለን እንዲያቆሙ አልመክርም። ኤክስካቫተሩ እዚያው ቆሟል፣ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። እሺ አሉ።

ከ46 እስከ 56 ሜትር፣ 3 ሜትር ጥልቀት አስቆፈርን። እስከ 49 ድረስ ጠንካራ ኢግኒምብራይት (ከእሳተ ገሞራ ትኩስ አመድ የተጋገረ ዓለት) ነው፣ የኤክስካቫተሩ ጥርስ ሲነካው ይጮኻል። ከ52 በኋላ አመድና ፑሚስ። በመካከል ያለው 3 ሜትር ግን ዓለትም አመድም አይደለም፣ የተፈረካከሰ ድንጋይ ነው፣ ስንጥቆቹ በጭቃ ተሞልተዋል። ፎልት ነው። ፊቱ በጣም ቀጥ ያለ ቢሆንም ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል።

ይህ ቦይ ብዙ ነገር አስተማረኝ። የፒ 0 መስመር ልክ በተፈረካከሰው ክፍል ውስጥ ወደቀ፣ ቦታው ትክክል ነበር። ግን የተሰባበረውን 3 ሜትር ፈጽሞ ሸፈነው፣ ሕጉ ጥቂት ዝላይ ስለሚፈልግ ሁለቱን ወሰን አንድ አድርጎ ጨፈለቃቸው። ለመሠረት ደግሞ አደገኛው እሱ ነበር፣ ዓለት መስሎ ውኃ የሚያስገባ። ወደ ምሥራቅ ማዘንበሉንም አላሳየም። ሳጥኖቹ ካሬ ናቸው፣ ፕሮግራሙም ልዩነትን የሚመዝነው በአግድምና በቁልቁል ብቻ ስለሆነ ሰያፍ ነገርን ወይ ቀጥ ያደርገዋል ወይ ደረጃ ያደርገዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ከጠራ ሥዕል ላይ የፎልት ዝንባሌ አትልኩ። ለመሬቱ ከሁሉም የቀረበው የፒ 1 ሥዕል ነበር፣ ከ48 እስከ 52። ይህን ሳየው ደስ አለኝ፣ ግን ሌላ ቦታም እንደዚያው ይሆናል ብዬ አልወስደውም።

ጋሼ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆመው «ይሄ ነገር ሊንቀሳቀስ ነው?» አሉ። ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። ከፎልቱ በላይ ያለው 1 ሜትር ያህል አፈር ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ አልተቆረጠም። በቅርብ ዘመን እንዳልተንቀሳቀሰ ያሳያል አልኳቸው። ስምጥ ሸለቆው ግን በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር እየሰፋ ነው፣ ስለዚህ «ፈጽሞ» የሚለውን ቃል ልሰጣቸው አልቻልኩም። አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኢንጂነሩ ንድፉን ቀየረ። መጋዘኑን 48 ሜትር ላይ ለሁለት ከፈለው፣ በመካከሉ ክፍተት ትቶ። ምዕራቡ ክፍል ዓለት ላይ በተራ ፉቲንግ ይቆማል። ምሥራቁ ክፍል ከ54 ሜትር ይጀምራል፣ አመዱ ተቆፍሮ ወጥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይተካል፣ በላዩ ላይ አንድ ወጥ የኮንክሪት ንጣፍ ይፈሳል። ከ48 እስከ 54 ያለው የመኪና መግቢያ ሆነ፣ ምንም ኮለን የለበትም። የጣራው ውኃ ወደዚያ እንዳይወርድ አሸንዳው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

ፎልቱ ወደ ደቡብ በየት በኩል እንደሚሄድ ለማወቅ ሁለተኛ መስመር ያስፈልግ ነበር። የጎረቤቱ አጥር ከለከለን። ጋሼ ራሳቸው ሄደው አነጋግረዋቸዋል፣ ከመኸር በኋላ እሺ ብለዋል። የዚያን ጊዜ ለ66ቱ ዓይነት ዘንግ ቤንቶናይት የሚባል ውኃ የሚይዝ ጭቃ ይዤ እሄዳለሁ፣ ማለዋወጡንም በከፊል ሳይሆን በሙሉ እለካለሁ።